አክስቴ ሀብታም የሆነችበት ጥቅምት

አክስቴ ታየች ሐሙስ ከሰዓት ደውላ «ሐረገወይን አየችኝ!» ስትለኝ፣ መቼም ደህና ነገር ስትሠራ አይደለም ያየቻት ብዬ ነበር የገመትኩት።

«የት አየችሽ?»

«ዝርዝሩ ላይ ነዋ! ስካተሊስተው ላይ! ትናንት አንዴ፣ ዛሬ ደግሞ ሁለቴ። ስሟ ቁልጭ ብሎ ወጥቶልሻል!»

ኦስሎን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እዚህ አገር በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ግብር መሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ያገኘውን፣ ያለውንና የከፈለውን ኢንተርኔት ላይ ይዘረግፈዋል። ስካተሊስተ ማለት ይሄ ነው። የአለቃሽን፣ የጎረቤትሽን፣ የፈታሽውን ባልሽን ስም ጽፈሽ ጉዱን ማየት ትችያለሽ። ድሮ ሰው እንደ ልቡ ይበረብር ነበር አሉ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አንዲት ነገር ተጨመረች፤ ማን እንዳየሽ አንቺም ታያለሽ። ይህን ሕግ ያረቀቀው ሰው አንድ ሐበሻ ጎረቤት ሳይኖረው አይቀርም። የኛ ሰው በበኩሉ መላ አበጀ፤ ማየት ሲያምረው አብሮት የሚሠራውን ኖርዌጂያን ይልካል። ስለዚህ የአክስቴ የስደት ጓደኛ ሐረገወይን በገዛ ስሟ፣ ያውም እየተመላለሰች ካየች፣ ያየችው ነገር ጨርቋን አስጥሏታል ማለት ነው።

«ምን አይታ ነው ግን?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች አክስቴ፣ አሳምራ በምታውቅ ሰው ድምፅ።

ስሜ ከሐረገወይን ስም ሥር መግባቱ እያንገሸገሸኝ እኔም ገባሁና አየሁ። ከዚያ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አክስቴ ጋምለ ኦስሎ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ወለል ታጸዳለች። በዝርዝሩ መሠረት ግን ባለፈው ዓመት ባገኘችው ገቢ የወለሉ ባለቤት ለመሆን ምንም አልቀራትም።

«እቴቴ! ይሄ ምንድን ነው?»

«አለቃዬን በልጬዋለሁ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አሁን አየሁት። ምስኪን! በየቀኑ ክራቫት እያሰረ!»

«በስምሽ ነው ያየሽው? እሱም ማየትሽን ያያል እኮ!»

«ይይ» አለች። «ነገ የሱን ቢሮ አስቀድሜ ላጽዳለት።»

ከምኖርበት ከትቬይታ ባቡር ይዤ አክስቴ ጋ ሊንደበርግ እስክደርስ ነገሩን በልቤ ጨርሼው ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ግማሽ ያህል ሰው በየሚያዝያው ትቬይታ የገበያ ማዕከሉ ካፌ ውስጥ ፊቴ ተሰልፎ ግብሩን የሚያሠራኝ ለመልኬ አይደለም። አንድ ክረምት ሥራ አጥቼ ቁጭ ባልኩ ጊዜ የግብር መሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ሰው ተከታታይ ድራማ እንደሚያየው ከዳር እዳር አንብቤዋለሁ፤ ያልገባኝን ደግሜ፣ የገባኝንም ደስ ስለሚለኝ ደግሜ። እኔ ጋ የማትመጣ አንዲት ሰው ብትኖር የገዛ አክስቴ ናት። «ኃጢአትና ደሞዝ ለዘመድ አይነገርም» ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ አይዳ ባርነሃገ፣ መዋለ ሕፃናት፣ ገብታ ከሕፃናት ጋር አሸዋ መብላት ከጀመረች ጊዜ አንስቶ፣ አክስቴ መንግሥት ለልጅ የሚሰጣትን በየወሩ ሳትነካ ባንክ ስታጠራቅም ኖራለች፤ ለትምህርቷ። ባንኩ ደግሞ ገንዘቡን አክሲዮን ውስጥ እየከተተ ያረባላት ነበር። ባሏ ዓምሃ ለሥራ ብሎ ትሮንድሄም ሄዶ በዚያው ሲቀር እንኳ አልነካችውም። አምና አይዳ ፖላንድ፣ ክራኮቭ ከተማ፣ ሕክምና ስትገባ፣ ሁሉንም አንዴ አወጣችና በየመንፈቁ እየቆነጠረች ልትከፍልላት ተራ ሂሳብ ውስጥ አስቀመጠችው።

የዚህ ግብሩ ቀላል ነው። የሚከፈለው ገንዘቡ በወለደው ላይ እንጂ በእናትየዋ፣ በዋናው ገንዘብ፣ ላይ አይደለም። የወለደውንም ባንኩ ራሱ ለመንግሥት ይናገራል፤ ቅጹ ላይ ተሞልቶ ይመጣልሻል። ካንቺ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነው። ለአክስቴ ደግሞ ከዝም ማለት የከበደ ሥራ ገና አልተፈጠረም።

በዚያ ላይ ሚያዝያ ውስጥ፣ ቅጹ በሚሞላበት ሰሞን፣ ከስታቫንገር አንድ እንግዳ ሰባኪ መጣ። «ከመንግሥት የሸሸጋችሁትን ጌታ በአደባባይ ያወጣዋል!» እያለ መድረኩን ሲደበድበው አክስቴን ላብ አጠመቃት። ቤቷ ገብታ ቅጹን ስትከፍተው የተሞላው የወለደው ብቻ ነው። «እናትየዋስ?» አለች። «ሌላ ገቢ» የሚል ቦታ ፈልጋ፣ ያወጣችውን በሙሉ፣ አንዲት ክሮነር ሳታስቀር አስገባችው። በሚቀጥለው እሑድ በምስክርነት ሰዓት ወጥታ «ያልጠየቁኝንም ነገርኳቸው!» ስትል ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። እኔ የዚያን ዕለት ሥራ ላይ ነበርኩ። ብኖር ኖሮ እልልታውን ከመሀል አስቆመው ነበር።

«ሂሳብ መጥቶልሻል አይደል?» አልኳት፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ።

«መጥቷል።» የማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት የተለጠፈ ወረቀት በአገጯ አሳየችኝ። የተጨመረባት ግብርና አይዳ ለመንፈቁ የምትከፍለው ትከሻ ለትከሻ ናቸው። ሁለቱም መክፈያቸው በመጪው ወር ነው። ሂሳቧ ውስጥ የቀረው ደግሞ አንዱን እንጂ ሁለቱን አይችልም።

«ከምን ልትከፍይ ነው?»

«ካለው።»

«ያለው እኮ የአይዳ ነው! ለመንግሥት ከሰጠሽው ለልጅቷ ምን ልትሰጪ ነው?»

«ጌታ ያውቃል።»

«ጌታማ ያውቃል፤ የማያውቀው ግብር መሥሪያ ቤቱ ነው። ስለዚህ እንንገረው። ከዘንድሮ ጀምሮ ሰው የተሳሳተውን ራሱ ገብቶ ማስተካከል ይችላል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ! ሻይ እስኪፈላ እጨርሰዋለሁ። የባንክ ኮድ ማውጫሽን አምጪ።»

ኮድ ማውጫው ቁጥር የምትተፋ፣ የቁልፍ መያዣ የምታህል ነገር ናት። ያለ እሷ ቅጹ አይከፈትም። አክስቴ ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየች፣ «እሑድ ይለፍ» አለች።

እሑድ የሆነውን ባላይ ይሻለኝ ነበር። መኩሪያ የሚባል አውቶቡስ ነጂ አለ፣ የኛው ሰው፤ አክስቴ እየሮጠች ስትመጣ አይቶ በሩን ዘግቶ በመሄድ የታወቀ። የዚያን ዕለት ገና ከፎቁ ስንወርድ አይቶን ቆሞ ጠበቀን። ተሳፋሪዎቹ ሲያጉረመርሙ «ትልቅ ሰው ናቸው» አላቸው። መኩሪያ አክስቴን በዕድሜ ቢበልጣት እንጂ አያንሳትም። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ሽማግሌው ጋሽ ብርሃነመስቀል ከፊተኛው ረድፍ ወንበር ሳቡላት። እዚያ ረድፍ የሚቀመጡት የራሳቸው ቤት ያላቸው ናቸው፤ ሕግ ሆኖ አልተጻፈም እንጂ ሕግ ነው።

ከጉባኤው በኋላ ሐረገወይን መጣች። እሷና አክስቴ ኖርዌይ የገቡ ጊዜ በስደተኛ መቀበያው ውስጥ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ተደራራቢ አልጋ ነው የኖሩት፤ ሐረገወይን ከላይ፣ አክስቴ ከታች። ከዚያ ወዲህ ሐረገወይን ከላይ ወርዳ አታውቅም። ረዳት ነርስ ሆና አረጋውያን መጦሪያ ተቀጠረች፣ ቤት ገዛች፣ አክስቴን ባገኘቻት ቁጥር «አሁንም እዚያው መወልወል ላይ ነሽ?» ትላታለች። የዚያን እሑድ ግን ሁለት እጇን ዘርግታ «እንደምን ሰነበቱ፣ እትዬ ታየች?» አለቻት።

ቤት እስክንገባ ድረስ አክስቴ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

«ሰማሻት? ሰነበቱ! አንቱ አለችኝ! ኦስሎ ውስጥ ልጅ ለአያቱ የማይለውን!»

«ሰማሁ። በይ እሑድ አለፈ፣ ኮድ ማውጫውን።»

«ናይ» አለች።

አክስቴ በአማርኛ እምቢ ስትል ትለመናለች። በኖርዌጂኛ እምቢ ካለች አልቋል። ደግሞ ኮድ ማውጫዋን የት እንደደበቀችው እግዜር ይወቅ፤ ቦርሳዋም፣ መሳቢያዋም ውስጥ የለም።

«ዝርዝሩ እንዳይቀየር ፈርተሽ ከሆነ፣ አይቀየርም እኮ» አልኳት። ይህን አንቀጽ ያገኘሁ ጊዜ በደስታ ዘልዬ ነበር። «አንዴ ከወጣ ወጣ። ኋላ ብታስተካክይም ዝርዝሩን አይነኩትም። መከበርሽንም ትከበሪያለሽ፣ የአይዳንም ትከፍያለሽ።»

«እሱማ ሌብነት ነው።»

«ምኑ ነው ሌብነቱ?»

«ስሚኝ። ግብሩን ከከፈልኩ፣ ያ ገንዘብ ገቢዬ ነበር ማለት ነው። ከፊተኛው ረድፍ የምቀመጠው ከፍዬበት ነው። ካልከፈልኩ ግን የሰው ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት። ደግሞስ መድረክ ወጥቼ መስክሬ፣ እልል ተብሎልኝ፣ አሁን ‹ስህተት ነበር፣ እልልታችሁን ውሰዱ› ልበል?»

ግብር የሚሰርቅ ሰው አውቃለሁ። ግብር የሚረሳ፣ ግብር ሲባል የሚያመው አውቃለሁ። ግብር ከፍሎ ሀብት የሚገዛ ሰው ግን ያን ዕለት ነው ያየሁት።

«ልጅሽን ከትምህርት ቤት ልታስወጪ ነው!»

«ኢትዮጵያ! አንቺ ጨቅጫቃ! ውጪልኝ!»

ስሜ ኢትዮጵያ ነው። አክስቴ ደረጃው ላይ ቆማ እንዲህ ስትጮህ፣ አንድ ፎቅ ከሷ በታች ያሉት አቶ ይመር ፖለቲካ መስሏቸው በራቸውን ቆለፉ።

በሳምንቱ ቅዳሜ እርቅ ብዬ ሙዝ ይዤ ሄድኩ። አክስቴ አይዳን በስልክ ይዛ፣ ድምፁን ለቃ፣ ልብስ ታጥፋለች።

«ዛሬ ምን ተማርሽ የኔ ሐኪም?»

«ልብ ቆረጥን፣ ማማ።»

«የማን?»

«ስሙን አናውቅም፣ ማማ። ሰውየው ሞቷል።»

«ስሙን ሳታውቂ ልቡን ቆረጥሽው? አይ ትምህርት!»

«ማማ፣ ስሚኝ፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ጽፎልኛል። እስከሚመጣው ዓርብ ካልተከፈለ ስሜን ይሰርዛሉ። ከፍለሻል አይደል?»

አክስቴ የያዘችውን ካልሲ ሁለቴ አጠፈችው። «ያ፣ ያ» አለች፣ በኖርዌጂኛ አዎ ማለቷ ነው። «መንገድ ላይ ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ የማቀዝቀዣው በር ላይ ያለውን ወረቀት በጣቴ አሳየኋት። አፏን ልትከፍት ስትል የበሩ ደወል ጮኸ።

ሐረገወይን ናት። ሙሉ ልብስ ለብሳ፣ ኖርዌጂያኖች ለልደትና ለቀብር የሚያቀርቡትን የማርዚፓን ኬክ በካርቶን ታቅፋ። ሊንደበርግ ድረስ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ተቀመጠችና ዙሪያዋን ቃኘች።

«መጋረጃው ሲያምር! የጣሊያን ነው፣ እትዬ?»

«ጎረቤት ቤት ሲለቅ ጥሎት የሄደ ነው» አለች አክስቴ።

ሐረገወይን ወደኔ ዞራ ራሷን ነቀነቀች። «ትሕትና! ትክክለኛ ሀብታም እንዲህ ነው።»

አክስቴ ሻይ ቀዳችላት። ሐረገወይን አንዴ ፉት ብላ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«ልጄ ዮኤል ቤት ሊገዛ ነው። ጋምለ ኦስሎ፣ ትራሙ ከበሩ ላይ የሚቆምለት። ባንኩ ግን ዋስ አምጣ አለው። እኔ እንደሚያውቁት በራሴ ቤት ዕዳ ታስሬያለሁ። እርስዎ ቢፈርሙለት ምን ይጎድልብዎታል? ወረቀት እኮ ነው።»

በጠረጴዛው ሥር አክስቴን በእግሬ ነካኋት። «ውይ!» አለች ሐረገወይን፣ ቁርጭምጭሚቷን እያሸች። የሷን እግር ነበር የነካሁት።

አክስቴ ፊቷ ላይ ይሉኝታ ሲወጣ አየሁት፤ እንደ ሽፍታ ነው፣ ከአንገት ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። አንቱ ተብላለች። ከፊት ተቀምጣለች። ኬክ መጥቶላታል። «ኧረ ምን... ምን ችግር አለው» ስትል ሰማኋት፤ ሐረገወይን ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ከቦርሳዋ ለማውጣት የፈጀባት ጊዜ ዓይን ከመርገብገብ አይበልጥም።

አክስቴ እስክሪብቶውን ያዘች። «ዮኤል አንዳንዴ... መክፈል ቢያቅተውስ?»

«ምን ሲደረግ! ቢያቅተውም እርስዎ ያስቀመጡት አለ። የአይዳ ትምህርት ክፍያ የሚሉት እንደሆነ ሜዳ ላይ የሚፈስ ነው። ፖላንድ ሄዶ ስንቱ ተመለሰ! እሷም ከዘንድሮ አታልፍም፤ ስትመጣ እኛ ጋ መጦሪያው ውስጥ እኔው አስቀጥርልዎታለሁ።»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ።

«ከዘንድሮ አታልፍም?» አለች አክስቴ።

«ለወሬ ነው እንጂ...»

«ልጄ ዛሬ ልብ ቆርጣለች!» እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ስሚ ሐረገወይን፣ እኔ ሀብታም አይደለሁም። ያየሽው ገንዘብ አይዳ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተጠራቀመላት የትምህርቷ ነው። ሳወጣው ገቢ ነው ብዬ ሞላሁት። ተሳስቼ ነው። እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ድሀ ነኝ፤ እወለውላለሁ።»

ይህን ለመናገር ምን እንዳስከፈላት የማውቀው እኔ ነኝ። ሐረገወይን ግን ፈገግ አለች።

«ሀብታም ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«እውነቴን ነው!»

«መጦሪያው ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሦስት መርከብ ነበራቸው። እሳቸውም ድሀ ነኝ ይላሉ። አንዱን የሻይ ከረጢት ሁለቴ ነው የሚነክሩት።» ዓይኗን ወደ ብርጭቆዋ አወረደች። ሻዩ የቀጠነ ነበር፤ አክስቴ ለእንግዳዋና ለእኔ አንዱን ከረጢት ነው የተጠቀመችው።

«ኢትዮጵያ፣ ንገሪያት እንጂ!»

ነገርኳት። ገንዘቡ የወለደው ይሄ፣ እናትየዋ ያቺ፣ ግብር የሚከፈለው በልጁ ላይ ብቻ፣ ብዬ እንደ ሕፃን አስረዳኋት። እንዲህ አድርጌ ለማንም አስረድቼ አላውቅም። ሐረገወይን እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «አንቺማ ምን ትያለሽ» አለች። «ደባቂዋ ራስሽ ነሽ።»

ከዚያ ተነሣች። ወረቀቷን አጠፈች፣ እስክሪብቶዋን ከተተች፣ ኬኩንም — ገና አልተቆረጠም ነበር — ካርቶኑን ዘግታ ታቀፈችው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ታየች፣ ልብሽ ነው ድሀው» ብላ ሄደች።

እኔ ለማጽናናት ቃል ስፈልግ፣ አክስቴ ወጥ ቤት ገብታ ትልቁን የበርበሬ ጣሳ አወረደች። እጇን እስከ ክርኗ ከትታ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ኮድ ማውጫው ነው።

«እዚህ ውስጥ?» አልኳት።

«አንቺ ወጥ ስለማትሠሪ።»

ሁለታችንም እያነጠስን ቅጹን ከፈትነው። «ሌላ ገቢ» የሚለው ላይ የተሞላውን አጠፋሁት፤ ባንኩ የሞላው፣ የወለደው፣ እንዳለ ቀረ። የመክፈያ ጊዜውንም ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ እንዲያራዝሙላት ጠየቅኩ። ከታች «ምክንያት» የሚል ሣጥን አለ።

«ጌታን ፈርቼ ነው በያቸው» አለች አክስቴ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ።

«ገቢ ያልሆነ ገንዘብ በስህተት ተመዝግቧል ብዬ ጽፌያለሁ።»

«የስታቫንገሩን ሰባኪስ አትጠቅሺውም?»

«አልጠቅሰውም።»

«ደህና፤ እሱን ራሱ ጌታ ይጠይቀው።» ኮዷን ራሷ አስገብታ ላከችው። ወዲያው ባንኳን ከፍታ የአይዳን የመንፈቅ ክፍያ ወደ ክራኮቭ አስተላለፈች፤ ከዚያ ደውላ «አሁን ደርሷል፣ ቅድም መንገድ ላይ ነው ያልኩሽ እያነከሰ ነበር» አለቻት።

ግብር መሥሪያ ቤቱ ብዙም አልቆየም። የተጨመረባትን ግብር ሰረዘላት። እኔ ቀድሜ ያሰላሁት ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ አልገረመኝም።

ሐረገወይን ደግሞ ሥራዋን አልተወችም። እስከሚቀጥለው እሑድ «ታየች ያን ሁሉ ሀብት አቅፋ ለአንድ ልጅ መፈረም አቃታት፣ እንግዳ በውሃ ሻይ ሸኘች» የሚለው ወሬ ከትቬይታ እስከ ሊንደበርግ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ገና ከበሩ ስንገባ ከኋላችን «ንፉግ» የሚል ሹክሹክታ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ አልቻልኩም፤ ወጥቼ ዋናውንና ትርፉን ለጉባኤው ላስረዳ ተነሣሁ። አክስቴ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ወዴት ነው?»

«ልነግራቸው ነዋ! ንፉግ እያሉሽ እኮ ነው!»

«ተቀመጪ። እኔ እውነቱን ተናግሬያለሁ፤ ያላመኑት እነሱ ናቸው።»

«እና ዝም ልትይ ነው?»

«ዝም» አለች አክስቴ፣ ወንበሯ ላይ ተመቻችታ እየተቀመጠች። «ንፉግ ለመባል እኮ መጀመሪያ ያለው መሆን ያስፈልጋል። የሌለውን ማን ንፉግ ይለዋል?»